ለሄዘል የተላኩ ዓረፍተ ነገሮች

ማሪቦር፣ ሜይ 4 ቀን 1998

ለተከበሩ አጎቴ ለከዝበርት ቴልፈር፣

ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ጉልበትዎም ሳያስቸግርዎት ታግኝዎት። ሃርለበርን ላይ ፀሐይ ወጥታ ከሆነ ደግሞ እሰየው ነው።

የወንድምዎ የኖርማን ልጅ ሄዘል ነኝ። ለመጨረሻ ጊዜ የተያየነው በባለቤትዎ በኤልሲ ቀብር ላይ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ያኔ አንድ ኩባያ ሻይ ሰጥተውኝ "ስኳሩ እዚያ ነው" አሉኝ፤ ከዚያ በቀር አልተነጋገርንም። ስለዚህ ደብዳቤዬን ሲያዩ "ይቺ ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?" ቢሉ አይፈረድብዎትም።

የፈለግሁትን ልንገርዎ። እዚህ ስሎቬንያ ውስጥ ከሥራ በኋላ ለሚመጡ ጎልማሶች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሌላው ሁሉ ይገባቸዋል፤ "በላሁ" እና "በልቻለሁ" የሚለያዩበት ነገር ግን አልገባ ብሏቸዋል። በእነሱ ቋንቋ ሁለቱም አንድ ናቸው። መጽሐፉ ሰንጠረዥ ይደረድራል፣ እነሱ ያዛጋሉ። ዳቦ ጋጋሪዋ ዝደንካ "መምህር፣ ያለፈ ነገር አለፈ፤ ሁለት ዓይነት አነጋገር ምን ያደርግለታል?" ብላ ጠየቀችኝ። ሴፕቴምበር ላይ ፈተና አለባቸው።

እርስዎ በሃርለበርን ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ሰዋስው አስተምረዋል። የመጽሐፍ ሳይሆን የቤት፣ የጓሮ፣ የመንገድ የሆነ ሃያ ያህል ዓረፍተ ነገር ቢጽፉልኝ ውለታዎን አልረሳም።

አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ ስደውልለት "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ገንዘብሽን አትጨርሺ" ብሎ ስልኩን ይዘጋዋል። የእርስዎና የእሱ ቤት ግድግዳው አንድ ነው። በዚህ ሰሞን አይተውታል?

አክባሪዎ
ሄዘል

*

እንግሊዝ፣ ሃርለበርን፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ቁጥር 14
ሜይ 21 ቀን 1998

ለሄዘል፣

ጌታ ባለሽበት ይጠብቅሽ። እዚህ ከሰኞ ጀምሮ ሲዘንብ ሰንብቷል፤ ባሮ ሽንኩርቶቼ ወደውታል፣ ጉልበቴ ግን አልወደደውም።

ዳቦ ጋጋሪዋ ጥሩ ጠይቃለች። እንዲህ ብለሽ መልሺላት፦ "በላሁ" ስትይ የምታወሪው ስለ ትናንት ነው። "በልቻለሁ" ስትይ ግን ስለ አሁኑ ሆድሽ ነው፤ አታስቸግሩኝ፣ አልራበኝም ማለትሽ ነው። ነገሩ ተደርጎ አልቋል፤ ውጤቱ ግን ገና ጠረጴዛው ላይ ነው። ለዚህ ነው በእኛ ቋንቋ "ትናንት" ብለሽ ከጀመርሽ በኋላ "በልቻለሁ" የማይባለው። በእኔ ክፍል ይኼን የሳተ ጥግ ላይ ይቆም ነበር። አንቺ ግን አታቁሚያቸው፣ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

ምሳሌዎቹ እነሆ።

ማንቆርቆሪያውን ጥጄዋለሁ። (ይህን አስረጃቸው፤ የሃርለበርን ሰው "ና፣ ናፍቀኸኛል" አይልም። ማንቆርቆሪያ መጣዱን ይናገራል፣ የተነገረው ሰው ይመጣል።)

መነጽሬን አጥቻለሁ። (ግንባሬ ላይ ነበር። ያ ሌላ ዓረፍተ ነገር ነው።)

ፖስተኛው አልፏል። የጸሎት ቤቱ ጣሪያ ከገና ጀምሮ ሲያፈስ ቆይቷል። የወይዘሮ ፕራውድ ድመት እንደገና ጓሮዬ ገብታለች። ሰባ ዓመት ኖሬያለሁ፣ እንደዚያች ድመት ያለ ደፋር አላጋጠመኝም።

ጎረቤቴ ከማክሰኞ ጀምሮ ሲያስል ሰንብቷል።

ሃያ አልሞላም። ቀሪው ሲመጣልኝ እልካለሁ።

ከ. ቴልፈር

*

ማሪቦር፣ ጁን 3 ቀን 1998

ውድ አጎቴ፣

እጅዎ ይባረክ። ጣሪያው ተጠግኖ፣ ድመቷም አደብ ገዝታ ይቆዩኝ።

ደብዳቤዎን ለክፍሉ አነበብኩላቸው። ማንቆርቆሪያው ጋ ስደርስ የከባድ መኪና ሾፌሩ ቦጎሚር ጠረጴዛውን መታና "ገባኝ!" አለ። "ሚስቴ 'መኪናው ተበላሽቷል' ስትለኝ ስለ መኪናው አይደለም፤ 'ተነስተህ ሥራው' ማለቷ ነው።" ከዚያ ወዲህ ሁሉም በዚህ አነጋገር ይዘላለፋሉ። ዝደንካ ትናንት ስትገባ ቦጎሚር "ዛሬም አርፍደሻል" ሲላት "አንተም ዛሬ አልታጠብክም" ብላ መለሰችለት። አለመታጠቡ አሁንም እንደሚሸት ስለነገረችው ሙሉ ነጥብ ሰጥቻታለሁ።

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገርዎን ግን ለክፍሉ አላነበብኩም። ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

እንግዲህ በግልጽ ልንገርዎ። የአባቴ ሳንባ የከሰል ብናኝ ነው፤ አርባ ዓመት ጉድጓድ የወረደ ሰው ሌላ ምን ይኖረዋል? ሐኪሙ ብቻውን እንዳይኖር አዟል። በስንት ልመና እሺ አስብዬዋለሁ፤ ፈተናው እንዳለቀ በሴፕቴምበር 20 መጥቼ ወደዚህ እወስደዋለሁ። አንዴ ከወጣ የሚመለስ አይመስለኝም።

የምፈራው ሳትነጋገሩ እንዳይሄድ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አጎቴ! በአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ፣ በሦስት ባሮ ሽንኩርት የተነሳ! እኔ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የእርስዎን በር አንኳኩቼ ብስኩት መብላት የተከለከልኩት በዚያ ሳምንት ነው። እስከ ዛሬ ለምን እንደሆነ በወጉ የነገረኝ የለም።

አንድ ጠርሙስ የዱባ ፍሬ ዘይት ልኬልዎታለሁ፤ የዚህ አገር ሰው ይኮራበታል።

ሄዘል

*

ሃርለበርን፣ ጁላይ 2 ቀን 1998

ለሄዘል፣

ጤና ይስጥሽ፤ ትንሽ ትዕግሥትም ይጨምርልሽ።

ሃያ ዓረፍተ ነገር ጠይቀሽ ወንድም ልትልኪብኝ ኖሯል እንዴ የመጣሽው? ጎበዝ! የአባትሽ ልጅ ነሽ።

በወጉ የነገረኝ የለም ካልሽ እነግርሻለሁ። በሴፕቴምበር 1967 የባሮ ሽንኩርት ውድድር ነበር፤ እኔ ከዚያ በፊት አብቅዬ የማላውቀው ዓይነት ሽንኩርት ደርሶልኝ ነበር። የመጀመሪያው ሽልማት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበር፤ በተያያዙት የረድፋችን ቤቶች ማንም አልነበረውም። ክረምቱን ሙሉ አጠገባቸው ወንበር ዘርግቼ ተቀመጥኩ። በክር እለካቸው ነበር። ነጩ እንዲነጣ በወተት አጠብኳቸው። የውድድሩ ዕለት ጠዋት ጺሜን ልላጭ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄድኩ፤ ስመለስ ሦስቱም ከወገባቸው ተቆርጠው ተጋድመዋል። የጓሯችንን አጥር የሚጋራ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ተወዳዳሪ ነበር። ውድድሩን ወደሚያዘጋጀው የአብቃዮች ክበብ አዳራሽ ገባሁና በሰው ሁሉ ፊት "ኖርማን ቆርጦታል" አልኩ። ኖርማን ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። አንዲት ቃል አልተናገረም። ከክበቡም ሰረዙት፤ ከዚያ ወዲህ ባሮ ሽንኩርት ተክሎ አያውቅም።

በቃ፣ ታሪኩ ይኼ ነው። ለክፍልሽ የሚሆኑት ደግሞ እነሆ፤ ሁሉም በጆሮዬ የተሰበሰቡ ናቸው፦ ራዲዮኑን ዘግቶታል። ከሰል ጨምሯል። ማሰሮ ጥሏል፤ ተሳድቧልም። ዛሬ ደረጃውን አልወጣም፤ ታች ሶፋው ላይ ተኝቷል።

ለተማሪዎችሽ ንገሪያቸው፤ ሰው ሲያደርገው ሳታይ፣ ማድረጉን ግን የምታውቂ ከሆነ፣ ቋንቋችን ለዚያ የሚሆን አነጋገር አለው። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ አነጋገር ብቻ ከወንድሜ ጋር ኖሬያለሁ።

ዘይትሽ ደርሷል። ጉልበቴን ቀብቼዋለሁ። ሱሪዬ አረንጓዴ ሆኗል፤ ጉልበቴ እንደነበረ ነው።

ከ. ቴልፈር

*

ማሪቦር፣ ጁላይ 13 ቀን 1998

ውድ አጎቴ፣

ሆድዎን ሳቅ ይሙላው፤ እኔን እንዳሳቁኝ። ዘይቱ እኮ ለሰላጣ ነው! ዝደንካ ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ "ጉልበቱን ሰላጣ አድርጎታል በዪው" ብላለች።

ታሪኩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። "ኖርማን ቆርጦታል አልኩ" ብለዋል። ዛሬስ? ዛሬም እንደዚያ ይላሉ?

በዚህ ሳምንት "በሕይወትህ እንዲህ አድርገህ ታውቃለህ?" የሚለውን ነበር የተማርነው። እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ባሕር አይተህ ታውቃለህ? ከሥራ ተባርረሽ ታውቂያለሽ? አንዲት ዝምተኛ ነርስ አለች፤ ቦጎሚርን "በሕይወትህ ይቅርታ ጠይቀህ ታውቃለህ?" ብትለው ያ ሁሉ ቀልደኛ ሰው አልቀለደም። "አንድ ጊዜ ልጠይቅ ሄጄ አውቃለሁ። ሰውዬው ቤት አልነበረም። ተመልሼ አልሄድኩም" አለ። ሰዋስው ስህተት አልነበረበትም።

አባቴ ልጅ ሳለሁ የነገረኝን የረድፉን ልማድ ያስታውሳሉ? በረድፉ ሰው ሲታመም ወይም ሻይ ሲፈላ፣ የምድጃውን ኋላ በእሳት መቆስቆሻ ሦስት ጊዜ ይመቱታል፤ ጎረቤት ከግድግዳው ወዲያ ይሰማል። አያቴ ሁለታችሁንም በዚያ እየጠራች ነው ያሳደገቻችሁ ይለኝ ነበር። ሦስት ምት፣ አጎቴ። ንግግር እንኳ አያስፈልገውም።

ሄዘል

*

ማሪቦር፣ ኦገስት 10 ቀን 1998

አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። አራት ሳምንት ሆነው፣ ደብዳቤ የለም። ጉልበትዎ ነው ወይስ እኔ? በድፍረቴ አሳዝኜዎት ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለሃርለበርን ባለሱቋ ስደውል "ሁለቱም ዳቦ ወስደዋል፤ አንዱ በአራት ሰዓት፣ አንዱ በአራት ተኩል፣ እንደወትሮው እንዳይገናኙ" አለችኝ።

ሄዘል

*

ሃርለበርን፣ ኦገስት 22 ቀን 1998

ለልጄ ለሄዘል፣

እግዚአብሔር ደጅሽን ይባርክ። በድፍረትሽ አይደለም። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ እሳት ውስጥ ጨምሬዋለሁ። አምስተኛውን ሳልደግመው ወስጄ ፖስታ ሳጥን ውስጥ እከተዋለሁ።

"ዛሬስ እንደዚያ ይላሉ?" ብለሽ ጠይቀሻል። አልልም። ኖርማን አልቆረጠም። ካወቅሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል።

ኤልሲ ናት የቆረጠቻቸው፤ በዳቦ ቢላ። ከመሞቷ ሦስት ሳምንት በፊት ራሷ ነገረችኝ። ትራሷን አስተካክዬላት ቁጭ ስል "ከዝበርት፣ ሽንኩርቶቹን እኔ ነኝ" አለች። መጀመሪያ የምትቃዥ መሰለኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ።

በዚያ በ1967 በጁላይ ልጅ ወለድን፤ ሴት። ሁለት ቀን ኖረች። ትንሿን የሬሳ ሳጥን የተሸከመው ኖርማን ነበር፤ እኔ ከኋላ ተከተልኩ። ከቀብር ስንመለስ ሴቶቹ ኤልሲን ይዘው ገቡ፤ እኔ ጥቁር ልብሴን ሳልቀይር ወደ ጓሮ ሄጄ ሽንኩርቶቹን ውሃ አጠጣሁ። ከዚያ በኋላ እዚያው ቀረሁ። ጁላይ፣ ኦገስት፣ በየቀኑ። ኤልሲ በኩሽናው መስኮት ጀርባዬን ታየው ነበር። "አንድ ቀን ግባ፣ አጠገቤ ተቀመጥ ብዬህ ነበር፤ 'አሁን ለክቻቸዋለሁ፣ ግማሽ ኢንች ጨምረዋል' አልከኝ" አለች። እኔ አላስታውሰውም። ብያለሁ ካለች ግን ብያለሁ። የልብስ ማጠቢያው ለእሷ ነበር፣ ሄዘል፤ እሷን ያስደሰትኩ መስሎኝ ነበር።

ታዲያ ይኼን ሰምቼ ዘጠኝ ዓመት ለምን ዝም አልኩ? ኖርማንን ይቅርታ ብጠይቅ፣ ማን እንደቆረጠ ልናገር ነው። ማን እንደቆረጠ ብናገር፣ ለምን ይልና ሌላው ይከተላል። እሷን ሰው ፊት ላለማዋረድ ነው ብዬ ራሴን እያታለልኩ ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ራሴን ነው የሸፈንኩት። በየጠዋቱ ሲያስል እሰማለሁ፣ በየጠዋቱ "ዛሬ" እላለሁ፣ ከዚያ ሱቅ የምሄድበትን ሰዓት እቀይራለሁ።

አፍሬያለሁ። ይህም አንድ ምሳሌ ነው፤ ለክፍልሽ ግን አታንብቢው።

አጎትሽ ከዝበርት

*

ማሪቦር፣ ኦገስት 31 ቀን 1998

ውድ አጎቴ፣

ጌታ ልብዎን ያበርታው። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ በወንዙ ዳር ረጅም መንገድ ሄድኩ። ለክፍል አላነበብኩም። ለአባቴም አልነገርኩም፣ አልነግርምም፤ የእርስዎ ነገር ነው፣ ከእርስዎ አፍ ይስማው።

ስለ ሴት ልጅዎ አላውቅም ነበር። በጣም አዝኛለሁ። ስሟ ማን ነበር?

በሴፕቴምበር 20 እመጣለሁ፤ በ21 ይዤው እወጣለሁ። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

ሄዘል

*

ሃርለበርን፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1998

ለምወድሽ ለሄዘል፣

መንገድሽ የተቃና ይሁን። ዛሬ እሑድ ነው፤ ጸሎት ቤት ደርሼ መጥቻለሁ፤ ጣሪያው አሁንም ያፈሳል።

ስሟ ሮዋን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሟን ጠርቼ አላውቅም ነበር። ትናንት ሁለት ጊዜ ጠራሁት።

ትናንት ውድድሩ ነበር። ዘንድሮ ሦስት ግሩም ባሮ ሽንኩርት አብቅዬ ነበር፤ ካንቺ ክንድ ይወፍራሉ። ጠዋት ነቀልኳቸው፣ በወተት አጠብኳቸው፣ በፎጣ ጠቀለልኳቸው። ጺሜንም ተላጨሁ፤ ቤቴ ውስጥ። ከዚያ ኮፍያዬን አድርጌ በሩ ጋ ስደርስ፣ ከግድግዳው ወዲያ ኖርማን ሲያስል ሰማሁ። ተመልሼ የእሳት መቆስቆሻውን አነሳሁና የምድጃውን ኋላ ሦስት ጊዜ መታሁ።

ሳሉ ቆመ። ሌላ ምንም የለም። ሰዓቱን አየሁት፣ አሥር ደቂቃ ቆምኩ። "ይበቃሃል፣ የእጅህን አግኝተሃል" አልኩ ለራሴ። ከዚያ የጓሮው በር ሲከፈት ሰማሁ፤ የእሱ በር። ሽንኩርቶቹን ታቅፌ ወጣሁ።

በአጥሩ ወዲያ በሹራብና በነጠላ ጫማ ቆሟል። አርጅቷል፣ ሄዘል። በድምፁ ብቻ ሳውቀው ኖሬ ማርጀቱን አልሰማሁትም ነበር። የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ረሳሁት። "ኖርማን፣ ኤልሲ ነበረች" አልኩ። እንዲሁ፣ ሰላም እንኳ ሳልለው።

"አውቃለሁ" አለ። "አይቻታለሁ።"

ከከሰል ቤቱ በር ላይ ሆኖ አይቷታል፤ በሌሊት ልብሷ ነበረች አለኝ፣ ጫማ እንኳ አላደረገችም። ከቆረጠቻቸው በኋላ ቢላውን ጥላ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። አጥሩን ዘሎ አነሳት፣ ቤት አስገባት፣ ቢላውን አጥቦ ቦታው መለሰው። እኔ ያኔ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ነበርኩ።

"ታዲያ አዳራሹ ውስጥ ለምን ዝም አልክ?" ብዬ ጮህኩበት። ይታይሽ እንግዲህ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ጮህኩበት!

"ሮዋንን የተሸከምኩት እኔ ነኝ" አለኝ። "ልጇን በቀበረች በሁለት ወሯ እናቷ ላይ ልመስክርባት? አንተ ደግሞ በንዴት ቀልተህ ነበር፣ ብነግርህም አትሰማኝም።"

እኔም "ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። ሁለት ጊዜ አልኩት፤ ሁለተኛው ከእንባ ጋር ነው። እሱ አጥሩን ይዞ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየ። ከዚያ ኮፍያዬን አየ፣ ፎጣውን አየ፣ "ምሳ በልተሃል?" አለኝ።

"አልበላሁም" አልኩ።

"እንግዲያው ግባ፣ ከዲ" አለ። በልጅነት ስሜ ከዲ ብሎ የጠራኝ ሰው ከቀረ ቆይቷል።

ውድድሩ ላይ አልደረስኩም። ዋንጫውን የሥጋ ሻጩ ልጅ ወስዷል፤ ይውሰደው። ሦስቱን ሽንኩርቶች የኖርማን ኩሽና ውስጥ በዳቦ ቢላ ከትፈናቸው ሾርባ ሠራን። የክበቡ ሰዎች ቢያዩ ራሳቸውን ይስቱ ነበር። ኖርማን ከቤቴ ያመጣሁትን ያንን አረንጓዴ ዘይት ላዩ ላይ ጨመረበትና "ለጉልበት የሚሆን ነገር አይደለም፣ አንተ ጅል" አለኝ። ሁለት ሁለት ሳህን በላን። ዛሬም የተረፈ አለ።

ስለዚህ ስትመጪ ሻንጣውን አታጣድፊበት። እኔና እሱ ሰባት ቀን አለን፤ ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማሪቦር ለአንድ ሽማግሌ የሚሆን አልጋ ለገና ይኖር እንደሆነ ዝደንካን ጠይቂልኝ። ዓረፍተ ነገሮቹ አሥራ ስድስት ደርሰዋል፤ አራቱን አብረን እንሞላቸዋለን ብለናል፤ እሱም አስተያየት አለው፣ ሰዋስው ግን አያውቅም።

ሌላም የምጽፈው ነበረኝ፤ አሁን ግን የምድጃው ኋላ ሦስት ጊዜ ተመትቷል። ኖርማን ማንቆርቆሪያውን ጥዷል።

አጎትሽ ከዲ